ክቡን የሠሩት ሐኪም፦ ዶክተር ኤስ. ኤች. ፎክስ (1898–1976)

በየመሰባሰቢያችን መጽሔት ላይ የአንድ ሰው ታሪክ ይወጣል። ዘንድሮ ተራው የዶክተር ዚግሙንድ ሃይንሪሽ ፎክስ ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከሌክቸር ኖት ነው፤ የቡድን ሕክምና ታሪክ ከሚለው ርዕስ ሥር ያለች አንድ መስመር፣ ለፈተና ተሸምድዳ ከፈተናው በኋላ የተረሳች። እኔ ግን ከዚያች መስመር በላይ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ቅርብ ነው። ዘንድሮ የምንሰባሰበው አስኮ ነው። ከአስኮ መንገዱ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ፣ ከዚያም ወደ አምቦ ይቀጥላል። በዚህ መስመር ከሰፈር ጤና ጣቢያ ጀምሮ እስከ ገፈርሳው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ድረስ የኛ ልጆች በሥራ ያልረገጡት ቦታ ጥቂት ነው። ሳይካትሪስት ሁን፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት ወይም ሶሻል ወርከር፣ አንድ ነገር ሳይደርስብህ አይቀርም፦ ገና ጋውንህ ሳይቆሽሽ፣ ሕመምተኞቹን ሰብስብና ግሩፕ ምራ ትባላለህ። መቼ ተምሮት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዶክተር ፎክስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ቡድን የሚመራ ባለሙያ እንዴት ይሠራል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እጠቅሳለሁ።)

የተወለዱት ጀርመን አገር፣ ካርልስሩኸ ከተማ፣ መስከረም 3 ቀን 1898 ነው። ቤተሰቡ ኑሮው የተመቸው፣ አባትየው እንጨት ነጋዴ፣ ሃይማኖታቸው አይሁድ። የቤተሰቡ ስም ፉክስ ነበር፤ በጀርመንኛ ቀበሮ ማለት ነው። ወጣቱ ፉክስ ኳስ የሚወድ፣ ቲያትር የሚወድ ልጅ ነበር ይባላል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅበት አካባቢ ለውትድርና ተጠርተው የተመደቡት በስልክና ቴሌግራፍ ክፍል ነው። በኋላ ስለ ሰው አእምሮ ያሰቡትን ስናይ ይህ ምደባ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፤ ግን የአጋጣሚ ነገር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሕክምና ተምረው በ1923 ተመረቁ። የፍሮይድን መጻሕፍት ገና በተማሪነታቸው አንብበው ሳይኮአናሊስት ለመሆን ወስነው ነበር። ይሁን እንጂ የበለጠ የቀረጻቸው ሌላ ሰው ይመስለኛል፤ በፍራንክፈርት አንጎላቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክሙ የነበሩት የነርቭ ሐኪም ኩርት ጎልድስታይን። ፎክስ በሳቸው ሥር ሁለት ዓመት ያህል ሠርተዋል። ጎልድስታይን የአንጎል አንዱ ክፍል ሲጎዳ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ለይቶ ማየት አይበቃም፤ ሰውዬው በሙሉ ራሱን እንደ አዲስ አደራጅቶ ነው የሚኖረው ብለው ያስተምሩ ነበር። አንድ የነርቭ ሴል ብቻውን ምንም አይደለም፤ በመረቡ ውስጥ ያለ መገናኛ ነጥብ ነው። ፎክስ ይህን ሐሳብ ከአንጎል አውጥተው ወደ ሰዎች አመጡት። ሰውም በቤተሰብ፣ በጎረቤት፣ በሥራ ባልደረባ መረብ ውስጥ ያለ ነጥብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲታመም ሕመሙ የተቀመጠው በሱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሱና በሌሎቹ መካከል ነው። የኋላው ሥራቸው በሙሉ ከዚህች አንዲት ሐሳብ የተመዘዘ ነው።

ቀጥለው ቪየና ሄደው ከሄለነ ዶይች ዘንድ የራሳቸውን አናሊሲስ አደረጉ፤ ሥልጠናውንም ጨረሱ። በ1930 ወደ ፍራንክፈርት ሲመለሱ የከተማው የሳይኮአናሊሲስ ኢንስቲትዩት ከታወቀው የማኅበራዊ ጥናት ኢንስቲትዩት ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ፎክስ የክሊኒኩ ኃላፊ ሆኑ። እዚያው ከተማ የነበረው ሶሲዮሎጂስት ኖርበርት ኤሊያስ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ሆነ። ሐኪሞችና የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አንዱ የሌላውን ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። እኛም የማኅበራዊ ሳይንስ ልጆችንና የሕክምና ልጆችን የሚያገናኝ አንድ ካፌ ቢኖረን ኖሮ ምን በሆነ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ብዙ አልቆየም። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ፎክስ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ፤ በጄኔቫ በኩል አልፈው፣ በታዋቂው አናሊስት በኧርነስት ጆንስ ግብዣ እንግሊዝ ገቡ። 35 ዓመት እየሆናቸው፣ በአዲስ ቋንቋ፣ የሐኪምነት ፈቃዳቸውን እንደገና ተፈትነው አወጡ። በውጭ አገር እንደገና ተፈትነው ፈቃድ ያወጡ የባቻችን ልጆች ይህችን አንቀጽ ሲያነቡ ራሳቸውን መነቅነቃቸው አይቀርም። በ1938 የእንግሊዝ ዜግነት ሲያገኙ ፉክስ የነበረውን ስም ፎክስ አሉት። ወዳጆቻቸው ደግሞ ማይክል ይሏቸው ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር ከለንደን ወጥተው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ ይሠሩ ጀመር። ሕመምተኞቻቸውን አንድ በአንድ፣ በየቀጠሯቸው ነበር የሚያዩት። በተጠባባቂ ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ተያይተው ዝም የሚባባሉት እነዚሁ ሰዎች አንድ ላይ ቢነጋገሩ ምን ይመጣል ብለው አሰቡ ይባላል። በ1940 የመጀመሪያውን ቡድን ሰበሰቡ። የዚያን ቀን ማታ ለባለቤታቸው፣ ዛሬ በአእምሮ ሕክምና ታሪክ ትልቅ ነገር ተደርጓል፤ የሚያውቀው ሰው ግን የለም ብለው እንደነገሯቸው ይተረካል። ትንሽ ኩራት አለባት፤ ቢሆንም አልተሳሳቱም። በቡድን የማከም ሙከራ ከሳቸው በፊትም ነበር፤ በአሜሪካ ጆሴፍ ፕራት የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፣ ጃኮብ ሞሬኖም የቡድን ሳይኮቴራፒ የሚለውን ስም አውጥተውለት ነበር። የፎክስ አዲስነት ሐኪሙ የሚያስተምርበትን መድረክ ማንሳታቸው ነው። ሕመምተኞቹ እርስ በርሳቸው እንዲተካከሙ ተዉአቸው።

አሁን ወደ ኖርዝፊልድ እንምጣ። ኖርዝፊልድ በበርሚንግሃም የነበረ የጦር ሠራዊት የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ከግንባር በፍርሃት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በድብርት የተመለሱ ወታደሮች በመቶዎች ይገባሉ፤ የሚያክማቸው ሐኪም ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከፎክስ በፊት ዊልፍሬድ ባዮንና ጆን ሪክማን በዚያው ሆስፒታል የማሠልጠኛውን ክንፍ በቡድን ለማስተዳደር ሞክረው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ አለቆቻቸው አስቁመዋቸዋል። ፎክስ በ1943 በሜጀርነት ማዕረግ ሲደርሱ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። ጮክ ብለው አዲስ ሥርዓት አላወጁም። አንድ ዋርድ ላይ አንድ ቡድን ሰበሰቡ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሌሎቹ ሐኪሞች እያዩ መጠየቅ ጀመሩ።

ሥልጠናው የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ኖርዝፊልድ የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የቡድን ሕክምና አይተው የማያውቁ ወጣት መኮንኖች ነበሩ። ሜጀር ፎክስ ሌክቸር ብቻ ሰጥተው አልላኳቸውም። በየጊዜው በሴሚናር ሰበሰቧቸው፤ እያንዳንዱ በዋርዱ ከቡድኑ ጋር የገጠመውን ይዞ ይመጣል፣ በክብ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። ታዲያ የሐኪሞቹም ስብስብ ራሱ ቡድን ነው፦ እዚያም የሚኮርፍ አለ፣ ከአለቃው ጋር የሚፎካከር አለ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለ። ዋርድ ላይ ወታደሮቹ የሚያደርጉት ሐኪሞቹ ሴሚናር ላይ ይታያል። ሠልጣኙ ስለ ቡድን የሚማረው ቡድን ውስጥ ሆኖ ነው ማለት ነው። በኋላ ሃሮልድ ብሪጀርና ቶም ሜይን ሲመጡ ሆስፒታሉ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ቡድን ይታይ ጀመር፤ ፎክስም ከክፍላቸው ወጥተው የሆስፒታሉን የሙዚቃ ባንድ ሳይቀር እንደ ቡድን ይሠሩበት ነበር። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መጥተው ጎበኙት፤ በ1946 የሜኒንገር ክሊኒክ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ለኖርዝፊልድ ሰጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ውስጥ በሴንት ባርተሎሚው ሆስፒታል፣ ከዚያም ከ1950 እስከ 1963 በሞድስሊ ሆስፒታል ሠሩ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ1948 ወጣ። በ1952 ከጥቂት ባልደረቦች ጋር የግሩፕ አናሊሲስ ማኅበርን መሠረቱ። የቡድኑም መልክ በነዚህ ዓመታት ጸና፦ ሰባት ወይም ስምንት ሰው፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ወንበሮቹ እኩል፣ በክብ፣ መሃል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ። ሐኪሙም ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር የለውም። አጀንዳ አይያዝም። የመጣ ሐሳብ ይወራል።

ለመሪው የሰጡት ስም ራሱ ትምህርት ነው። መሪ ብለው አልጠሩትም። ከሂትለር ጀርመን ለሸሸ አይሁዳዊ መሪ የሚለው ቃል ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው መገመት አያዳግትም። የመረጡት ከሙዚቃ ነው፤ ኮንዳክተር አሉት። ኮንዳክተር መሣሪያ አይጫወትም፤ ሌሎቹ እንዲደማመጡ ያደርጋል። ቡድኑ መጀመሪያ ላይ ሁሉን የሚያውቅ አባት ይፈልጋል፤ ዶክተር፣ ምን ላድርግ ይላል። ኮንዳክተሩ ያንን ቦታ አይገፋም፤ ግን ቀስ በቀስ ልጅ ጡት እንደሚጥል ቡድኑ ከሱ ላይ እንዲላቀቅ ያደርጋል። የሱ ድምፅ እየቀነሰ የቡድኑ ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እስቲ አስኮ ላይ ሞክሩት። እኛ አገር ሰው በክብ መቀመጥ አዲስ አይደለም፤ ቡና አለ፣ እድር አለ፣ ጽዋ ማኅበር አለ። ማኅበሩ ግን ሙሴ አለው፤ እድሩም ዳኛ አለው፤ የሚናገረው በዕድሜና በክብር ተራ ነው። ጋውን የለበሰ ሰው መሃላቸው ሲቀመጥ ስምንቱም ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ምክር ይጠብቃሉ። ዝምታው ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ያልሠለጠነው ባለሙያ ይጨንቀዋል፤ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ማስተማር ይጀምራል። አንዷ ስታለቅስ ሌሎቹ ሳይደርሱላት እሱ ቀድሞ ያጽናናል። ሁለቱ ሲጋጩ ያስታርቃል። ክፉ ነገር አላደረገም፤ ብቻ ቡድኑ ሊሠራ የነበረውን ሥራ ሁሉ ወሰደበት። ሰዓቱ ሲያልቅ ተሰብስበው ሌክቸር የሰሙ ስምንት ሰዎች ወጡ ማለት ነው። ስንቶቻችን እንዲህ አድርገን ሪፖርት ላይ ግሩፕ ቴራፒ ተሰጠ ብለን ጽፈናል?

ሌላም አለ። ፎክስ የቡድኑ አባላት እንግዶች እንዲሆኑ፣ ከክቡ ውጪም እንዳይገናኙ ይፈልጉ ነበር። ለንደን ውስጥ ይቻላል። አስኮ ላይ ስምንት ሰው ብትሰበስብ ሁለቱ የአንድ እድር አባል፣ ሦስተኛው የአንዷ ልጅ የክርስትና አባት ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ የሳቸውን ደንብ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ደንቡ የቆመለት ነገር ግን ይሠራል፤ ክቡ ውስጥ የተወራው ቡና ላይ እንዳይወራ። ይህን ለቡድኑ ማስረዳት፣ ሲጣስም ነገሩን መልሶ ወደ ክቡ ማምጣት የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

የሥልጠናው መልስ ታዲያ ምን ሆነ? በ1971 በለንደን የግሩፕ አናሊሲስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሠልጣኙ ሦስት ነገር አብሮ ያስኬዳል፦ ንድፈ ሐሳብ ይማራል፣ በሱፐርቪዥን ሥር የራሱን ቡድን ይመራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቡድን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዓመታት። ሱፐርቪዥኑም በቡድን ነው። ኖርዝፊልድ ላይ በጥድፊያ የተጀመረው ሴሚናር ነው ወደዚህ ያደገው። ቡድን ውስጥ ተቀምጦ ሳይናገር የዋለ፣ አንድ ቀን ተናግሮ ያፈረ፣ ሌላው ሰው የሱን ታሪክ ሲናገር ራሱን ያየ ባለሙያ ዝምታ ሲመጣ አይደነግጥም።

ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ሐኪም አልነበሩም። ጄን አበርክሮምቢ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነበሩ። የፎክስን ክብ ወስደው የሕክምና ተማሪዎችን አስተማሩበት። ለተማሪዎቹ የእጅ ራጅ ያሳዩአቸዋል፤ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ክብ ሠርተው የጻፉትን ይነጋገሩበታል። ያን ጊዜ ያዩት የትኛው እንደሆነ፣ የገመቱት የትኛው እንደሆነ ይለያል። በዚህ መንገድ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ ምልከታን ከግምት ለመለየት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። መጽሐፋቸው በ1960 ታትሟል። 200 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ኖት ስንገለብጥ ለኖርን ለኛ ትንሽ የሚያስቀና ነገር ነው።

ፎክስን ለማመስገን ብቻ አልተነሳሁም። አጻጻፋቸው ይከብዳል፤ ያው ሐሳብ በሦስት መጽሐፍ ሦስት መልክ ይዞ ይመጣል። ቡድንን ከልክ በላይ ያምናሉም። ቡድን ሊያቆስል እንደሚችል፣ አንዱን ደካማ መርጦ ሊቀጠቅጥ እንደሚችል የጻፉት ጥቂት ነው። ባዮን ይህን ጨለማ ጎን የበለጠ አይተውታል፤ በ1990ዎቹም ሞሪስ ኒትሰን የተባሉ የዚያው ኢንስቲትዩት ሰው ይህን ጉድለት ለመሙላት መጽሐፍ ጻፉ። ሥልጠና የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ ባልሠለጠነ እጅ ያለ ቡድን ዝም ብሎ የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን የሚጎዳ ሊሆን ይችላል።

ወደኛ ስንመጣ የኖርዝፊልድ ሒሳብ የታወቀ ሒሳብ ነው። በ1995 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር በአገሪቱ ሁሉ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ያህል ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ በጣም አድጓል፤ ሆኖም አንድ በአንድ ሁሉን ለማድረስ አሁንም ሩቅ ነው። በዚያው ዘመን በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ 30 መንደሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለ16 ሳምንት በመሯቸው ቡድኖች ድብርት በእጅጉ መቀነሱን አሳየ። በ2003 የታተመ ጥናት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኋላ ለዚህ የቡድን ሕክምና መመሪያ አዘጋጅቷል። ፎክስ ዓመታት የጠየቁበትን እነዚያ በሁለት ሳምንት ጀመሩት። የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን የዩጋንዳው ቡድን የተወሰነ ችግር ላይ ያተኮረ፣ ደረጃ በደረጃ በመመሪያ የሚሄድና በሱፐርቪዥን የተደገፈ ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ሁለቱም ነው፤ የሁለት ሳምንቱም፣ የዓመታቱም። ቢያንስ በወር ሁለቴ፣ በዚሁ በአስኮ መስመር ያለን ምሩቃን ስምንት ስምንት ሆነን ክብ ሠርተን ብንቀመጥ፣ ስለየቡድኖቻችን ብናወራ፣ ወጪው የቡና ብቻ ነው። ሐሳቡን ለመሰባሰቢያው ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ የምትስማሙ ስማችሁን በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ አስመዝግቡ።

ዶክተር ፎክስ ከሞድስሊ በጡረታ ቢወጡም አላረፉም። በ1967 በየአገሩ ያሉ የቡድን ሐኪሞች ደብዳቤ የሚለዋወጡበት መጽሔት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ እንደኛ መጽሔት ያለ ነገር ነበር፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው በሚቀጥለው እትም ይመልስለታል። ዛሬም ይታተማል። የመጨረሻ መጽሐፋቸው በ1975 ወጣ። እሱም ስለ ዘዴው ነው፤ ወንበር ስለማስተካከል፣ አባል ስለመምረጥ፣ የቀረ ሰው ወንበር ባዶውን ክቡ ውስጥ እንዲቆይ ስለማድረግ ዓይነት ጥቃቅን ነገር ሳይንቁ የሚያስቡ ሰው ሥራ።

ሐምሌ 8 ቀን 1976 ለንደን ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሴሚናር ላይ ነበሩ፤ አብረዋቸው የነበሩት ለብዙ ዓመት የሠሩና ያሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ዶክተር ፎክስ ውይይቱን እየመሩ ሳለ ድንገት እዚያው ዐረፉ። 77 ዓመታቸው ነበር። ኢንስቲትዩቱ ገና 5 ዓመቱ ነው።